«ኮረንቲ ያዘው»፦ ስለ ኤሌክትሪክ ለይቶ ማወቅና ለይቶ መጻፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ፦
1. ኮረንቲ፣ ቮልቴጅ፣ ሬዚስታንስ፣ ኃይልና ጉልበት የተባሉትን ቃላት አንዱን ከሌላው ለይታችሁ ትፈታላችሁ።
2. በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የድርጊቱ ባለቤት በእርግጥ ማን እንደ ሆነ መርምራችሁ ታስረዳላችሁ።
3. ስለ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሥራ ገላጭ ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ሀ. ከንባብ በፊት

በምትኖሩበት ሰፈር ሰዎች ስለ ኤሌክትሪክ ሲናገሩ የምትሰሟቸውን አባባሎች እስቲ አስታውሱ። «መብራት ሄደ፤ መብራት መጣ» ይባላል። የእጅ ባትሪ ብርሃኑ ሲደክም «ድንጋይ ጨረሰ» ይባላል። አንድ ሰው የተላጠ ሽቦ ነክቶ ሲጎዳ ደግሞ «ኮረንቲ ያዘው» ይባላል። እነዚህ አባባሎች በዕለት ተዕለት ኑሮ ሰውን ከሰው ያግባባሉና የሚነቀፉ አይደሉም። ነገር ግን በሳይንስ ጽሑፍ ወይም በገላጭ ድርሰት ውስጥ እንዳሉ ቢገቡ ምክንያትንና ውጤትን ያደበላልቃሉ። ከመካከላቸውም አንዱ በአግባቡ ካልተረዱት ሕይወት የሚያስከፍል ነው። የትኛው ይመስላችኋል? ግምታችሁን በደብተራችሁ ጻፉና ምንባቡን ካነበባችሁ በኋላ አመሳክሩት።

ለ. ምንባብ

ሁለቱ ስሞች

ኤሌክትሪክ በቋንቋችን ሁለት የተለመዱ ስሞች አሉት፤ አንደኛው «መብራት»፣ ሁለተኛው «ኮረንቲ» ነው። የመጀመሪያው ስም ከኤሌክትሪክ ሥራዎች በአንዱ፣ ማለትም በማብራት፣ የተሰየመ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት በስሙ ውስጥ «መብራት» እና «ኃይል» የሚሉ ቃላት ስለነበሩበት ሕዝቡ አሳጥሮ «መብራት ኃይል» አለው። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ስም ደጋግሞ ቢለወጥም የሕዝቡ አጠራር አልጠፋም። ይሁን እንጂ ኤሌክትሪክ ከማብራት ሌላ እንጀራ ይጋግራል፤ ወፍጮ ያዞራል፤ ድምፅንም ከአገር ወደ አገር ያደርሳል። እንግዲህ «መብራት» የከፊሉ ስም ለጠቅላላው የተሰጠበት ቃል ነው።

ሁለተኛው ስም፣ «ኮረንቲ»፣ ከጣልያንኛው «ኮሬንቴ» የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የሚሮጥ፣ የሚፈስ» ማለት ነው። ይህ ስም ከፊተኛው ይልቅ ለሳይንሱ ይቀርባል። ሆኖም ሦስት ጥያቄዎችን ያስከትላል፦ የሚፈሰው ምንድን ነው? እንዲፈስ የሚገፋው ምንድን ነው? ፍሰቱን የሚገታውስ ምንድን ነው?

የሚፈሰው ነገር

ማንኛውም ቁስ አካል አተም ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው። በአተሙ እምብርት ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ፕሮቶኖች አሉ፤ ከእምብርቱ ውጭ ደግሞ ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው ኤሌክትሮኖች ይገኛሉ። ተመሳሳይ ቻርጆች ይገፋፋሉ፤ ተቃራኒ ቻርጆች ይሳሳባሉ። በደረቅ የበጋ ቀን የፕላስቲክ ማበጠሪያ በደረቅ ጠጉራችሁ ላይ ደጋግማችሁ ብትስቡና ወደ ጥቃቅን የወረቀት ቁርጥራጮች ብታስጠጉት ወረቀቶቹ ብድግ ብለው ይለጠፉበታል። ይህ የሆነው በፍትጊያው ምክንያት ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ስለተላለፉ ነው። በክረምት ደመና ውስጥ ይኸው ነገር እጅግ በገዘፈ መጠን ሲፈጸም መብረቅ ይሆናል።

እንደ መዳብና አሉሚኒየም ባሉ ብረታ ብረቶች ውስጥ አንዳንዶቹ ኤሌክትሮኖች በአንድ አተም ሳይወሰኑ ከቦታ ቦታ ይዘዋወራሉ። እንዲህ ያሉት ቁሶች አስተላላፊ ይባላሉ። ጎማ፣ ፕላስቲክ፣ ብርጭቆና የደረቀ እንጨት ግን ኤሌክትሮኖቻቸውን በቀላሉ ስለማይለቁ ክፉ አስተላላፊዎች ናቸው። የመዳብ ሽቦ በፕላስቲክ የሚሸፈነው በዚህ ምክንያት ነው፤ መዳቡ መንገድ ነው፤ ፕላስቲኩ አጥር ነው።

ኤሌክትሮኖች በሽቦ ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ በጅምላ ሲጓዙ የኤሌክትሪክ ኮረንቲ ተገኘ እንላለን። ጉዟቸው እንደሚታሰበው ፈጣን አይደለም፤ በእጅ ባትሪ ሽቦ ውስጥ በአንድ ሰከንድ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። አምፖሉ ማብሪያው እንደ ተነካ ወዲያው የሚበራው ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ አስቀድሞ በኤሌክትሮኖች የተሞላ በመሆኑ ነው። ውሃ የሞላበት ቱቦ በአንድ ጫፉ ሲከፈትለት በሌላው ጫፍ ወዲያው እንደሚፈስ ማለት ነው።

ሦስቱ መለኪያዎች

ከፍ ባለ መደብ ላይ የተቀመጠ የውሃ በርሜል አስቡ። ከበርሜሉ ግርጌ ቀጭን ቱቦ ወደ ታች ወርዷል። በርሜሉ ከፍ ባለ መጠን ውሃው በበለጠ ግፊት ይወርዳል። ቱቦው በቀጠነና በረዘመ መጠን ደግሞ የሚወርደው ውሃ ያንሳል።

በኤሌክትሪክም ነገሩ ይህን ይመስላል። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውና ቻርጅን የሚገፋው ልዩነት ቮልቴጅ ይባላል፤ እንደ በርሜሉ ከፍታ ነው፤ መለኪያውም ቮልት ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ በአንድ ስፍራ የሚያልፈው የቻርጅ መጠን ኮረንቲ ነው፤ እንደሚወርደው ውሃ ብዛት ነው፤ መለኪያውም አምፔር ነው። ፍሰቱን የመቋቋም ጠባይ ሬዚስታንስ ይባላል፤ እንደ ቱቦው ቅጥነትና ርዝመት ነው፤ መለኪያውም ኦም ነው። ሦስቱም መለኪያዎች በሳይንቲስቶች ስም የተሰየሙ ናቸው። አሌሳንድሮ ቮልታ ጣልያናዊ፣ አንድሬ ማሪ አምፔር ፈረንሳዊ፣ ጌኦርግ ሲሞን ኦም ጀርመናዊ ነበሩ። ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን የባትሪ ክምር ይፋ አደረገ። ኦም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1827 የሦስቱን ዝምድና የሚገልጸውን ሕግ አሳተመ። ሕጉም፦ ኮረንቲ ማለት ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል የሚገኘው ነው የሚል ነው።

በአገራችን ቤቶች የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በሥራ ላይ ሳለ ሬዚስታንሱ 880 ኦም የሆነ አምፖል ቢበራ 220 ለ880 ይካፈላል፤ ኮረንቲውም 0.25 አምፔር ይሆናል። ለንጽጽር ያህል፣ የእጅ ባትሪ አንድ ድንጋይ ቮልቴጁ 1.5 ቮልት ብቻ ነው።

የውሃው ምሳሌ ግን የሚያበቃበት ስፍራ አለ። ቱቦው ቢቆረጥ ውሃው ይፈስሳል፤ ሽቦው ቢቆረጥ ግን ኮረንቲው ይቆማል እንጂ ወደ ውጭ አይፈስም። ኮረንቲ የሚሄደው ከምንጩ ተነሥቶ ወደ ምንጩ የሚመለስበት የተዘጋ ዙር ሲያገኝ ብቻ ነውና። ይህ ዙር ሰርኪዩት ይባላል። ማብሪያና ማጥፊያውም ዙሩን ከመግጠምና ከመለየት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። በአንድ ሽቦ ላይ የምታርፍ ወፍ የማትጎዳው ሁለቱም እግሮቿ በአንዱ ሽቦ ላይ ስላሉና በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል የቮልቴጅ ልዩነት ስለሌለ ነው። መሬት ላይ የቆመ ሰው ያንኑ ሽቦ ቢነካ ግን ኮረንቲው በሰውየው አካል አልፎ በመሬት በኩል ዙሩን ይዘጋል።

ማን ማንን ያዘ?

የሰው አካልም ሬዚስታንስ አለው። ደረቅ ቆዳ እስከ 100,000 ኦም ሊደርስ ይችላል፤ ቆዳው በውሃ ወይም በላብ ሲርስ ግን ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። አሁን የኦምን ሕግ በራሳችሁ አካል ላይ ሞክሩት፤ በወረቀት ላይ ማለት ነው። 220 ለ100,000 ሲካፈል 2.2 ሚሊ አምፔር ነው። 220 ለ1,000 ሲካፈል ግን 220 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ቮልቴጁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእጁ እርጥበት ብቻ ነው፤ ኮረንቲው ግን መቶ እጥፍ አደገ።

በመኖሪያ ቤት ካለው ዓይነት ኤሌክትሪክ አንድ ሚሊ አምፔር ያህሉ በአካል ሲያልፍ እንደ መንዘር ሆኖ ይሰማል። ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የእጅ ጡንቻዎች ይኮማተራሉ። 100 ሚሊ አምፔር ገደማ በደረት በኩል ካለፈ የልብ ምት ሥርዓቱን ሊያጣና ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ደረቅ እጅ ዋስትና ነው ብላችሁ አትመኑ፤ ከፍ ባለ ቮልቴጅ ቆዳው ራሱ ይጎዳና ሬዚስታንሱ በቅጽበት ይቀንሳል።

«ኮረንቲ ያዘው» የሚለው አባባል የሚመረመረው እዚህ ላይ ነው። ኮረንቲ እጅ የለውም፤ የሚይዝበትም ጥፍር የለውም። ሽቦውን የጨበጠው የሰውየው የገዛ እጅ ነው። በእጁ የሚያልፈው ኮረንቲ ጡንቻዎቹን ስላኮማተራቸው ጣቶቹን መዘርጋት ተስኖታል። ልልቀቅ ቢል ፈቃዱ አይታዘዝለትም።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። በልማዳችን «ያዘው» ሲባል ያዡና ተያዡ ሁለት ናቸው። ሰው ተይዞ ያየ ሁሉ እጁን ጎትቶ ከያዡ ለማስጣል ይሮጣል። «ኮረንቲ ያዘው» ሲባል ሰምቶ ወንድሙን በእጁ የሚጎትት ሰው ግን የሚያስጥለው አንድም ያዥ የለም፤ እርሱ ራሱ የሰርኪዩቱ ክፍል ይሆናል፤ አንድ የነበረው አደጋም ሁለት ይሆናል። ነገሩን «ኮረንቲ በአካሉ እያለፈ ነው» ብሎ የተረዳ ሰው ግን የሚያስበው ስለ መጎተት አይደለም፤ ፍሰቱን ስለ ማቋረጥ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ወደ ቆጣሪው ሮጦ ዋናውን ማጥፊያ ያጠፋል፤ ወይም ስፒናው ያልተጎዳ ከሆነ ከሶኬቱ ይነቅለዋል። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ነገሩም በቤት ውስጥ ባለ ሽቦ የደረሰ ከሆነ፣ በደረቅ ጣውላ ወይም በፕላስቲክ ነገር ላይ ቆሞ በረጅም ደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውየው ያርቃል። በምሰሶ ላይ ከሚያልፍ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር የወደቀ ሽቦ ከሆነ ግን መስመሩ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ድረስ ማንም አይጠጋም። ኮረንቲው ከተቋረጠ በኋላ ተጎጂው ትንፋሽ ከሌለው የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያ እርዳታ ይጀምርለታል፤ ሳይዘገይም ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

ምጣዱ፣ ፊውዙና ሚስማሩ

ቮልቴጅ በኮረንቲ ሲባዛ የሚገኘው ኃይል ይባላል፤ መለኪያውም ዋት ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው አምፖል 220 በ0.25 ሲባዛ 55 ዋት ይወስዳል። 16 አምፔር የሚያልፍበት የእንጀራ ምጣድ ግን 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት ይወስዳል። አንዱ ምጣድ የ64 አምፖሎችን ያህል መሆኑን ልብ በሉ።

ኮረንቲ በሽቦ ሲያልፍ ሽቦውን ያሞቀዋል። ኮረንቲው እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ለአምፖሎች ተብሎ በግድግዳ ውስጥ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ የምጣዱን ኮረንቲ እንዲሸከም ቢደረግ የፕላስቲክ ሽፋኑ ቀልጦ ቤቱ ሊቃጠል ይችላል። ፊውዝ የተሠራው ይህን ለመከላከል ነው። ፊውዝ ሆን ተብሎ ደካማ እንዲሆን የተሠራ አጭር ቀጭን ሽቦ ነው፤ ኮረንቲው ከተወሰነለት መጠን ሲያልፍ ከሁሉ አስቀድሞ እርሱ ይቀልጥና ዙሩን ይቆርጣል። በአዳዲስ ቤቶች ውስጥ ይህንኑ ሥራ ራሱን በራሱ የሚያቋርጥ ማጥፊያ ይሠራል።

አንዳንድ ሰዎች ፊውዝ ሲቃጠልባቸው «ይህ የማይረባ ደጋግሞ አስቸገረን» ይሉና በስፍራው ወፍራም ሽቦ ወይም ሚስማር ያስገባሉ። ከዚያ በኋላ በእርግጥ ፊውዝ አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል። ፊውዝ ተቃጠለ ማለት ፊውዝ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው «ለምን ተቃጠለ?» ተብሎ ነው እንጂ «እንዳይቃጠል ምን ላድርገው?» ተብሎ አይደለም።

ኃይልና ጉልበት

«ኃይል» እና «ጉልበት» በንግግር ይተካካሉ፤ በሳይንስ ግን የተለያዩ ናቸው። ኃይል ሥራ የሚሠራበት ፍጥነት ነው። ጉልበት ግን በጠቅላላው ጊዜ ውስጥ የተወሰደው መጠን ነው። 3,520 ዋት የሚወስደው ምጣድ ሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ቢጋገርበት 7,040 ዋት ሰዓት፣ ማለትም ሰባት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይወስዳል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ይህንኑ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው ሲባል የተነገረው ስለ ኃይሉ ነው። በአንድ ዓመት ስንት ጉልበት እንደሚሰጥ ለማወቅ ተርባይኖቹ በምን ያህል አቅም ስንት ሰዓት እንደሠሩ መታወቅ አለበት። ስለዚህ «በሰዓት ይህን ያህል ሜጋ ዋት» የሚል አጻጻፍ ስሕተት ነው፤ ዋት በራሱ የፍጥነት መለኪያ ነውና። ከግድቡ ወደ ሆለታ የሚሄደው ዋና መስመር 500,000 ቮልት እንዲሆን የተደረገበትም ምክንያት ከላይ ካነበባችሁት ጋር የተያያዘ ነው። አንድን ኃይል በከፍተኛ ቮልቴጅ መላክ በአነስተኛ ኮረንቲ መላክ ነው፤ ኮረንቲው ሲያንስ ደግሞ በመንገድ በሙቀት የሚባክነው ጉልበት ይቀንሳል። በመጨረሻ ትራንስፎርመሮች ቮልቴጁን ደረጃ በደረጃ ዝቅ አድርገው 220 ቮልቱን ወደ ቤታችሁ ያስገባሉ።

ሐ. ሰዋስው፦ ባለቤት፣ ተሳቢና ማሰሪያ አንቀጽ

«ኮረንቲ ሰውየውን ያዘው» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱ «ኮረንቲ»፣ ተሳቢው «ሰውየውን»፣ ማሰሪያ አንቀጹ «ያዘው» ነው። በ«ያዘው» መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» ተሳቢውን ታመለክታለች። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ሕግ ሙሉና የቀና ነው። ነገር ግን የሰዋስው ቅንነት የሐሳብ እውነተኛነት ማስረጃ አይደለም። ሰዋስው ባለቤቱ የት እንዳለ ያሳየናል፤ ያ ባለቤት ድርጊቱን በእርግጥ መፈጸሙን ግን እኛው መመርመር አለብን።

እንደዚሁም የተገብሮ ግሥ የድርጊቱን ፈጻሚ ይሸሽጋል። «ፊውዙ ተቃጠለ» ስንል ማን ወይም ምን እንዳቃጠለው አልተነገረም። በገቢር ግሥ «ከመጠን ያለፈ ኮረንቲ ፊውዙን አቀለጠው» ብንል ግን ምክንያቱ ይወጣል፤ አንባቢውም «ኮረንቲው ከመጠን ያለፈው ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ገላጭ ዓረፍተ ነገር አንባቢውን ወደ ትክክለኛው ጥያቄ የሚመራ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ስትጽፉ ለእያንዳንዱ ስም የሚስማማውን ግሥ ምረጡለት፦
— ኮረንቲ ያልፋል፤ ይፈስሳል፤ ይቋረጣል።
— ቮልቴጅ በሁለት ነጥቦች መካከል ይኖራል፤ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይላል፤ አይፈስም።
— ሬዚስታንስ ፍሰትን ይቀንሳል።
— ጉልበት ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ይለወጣል። ድንጋይ «ጨረሰ» ሲባል ያለቀው ኤሌክትሮኑ አይደለም፤ በውስጡ የነበረው የኬሚካል ጉልበት ወደ ሌላ ዓይነት ተለውጦ ነው።

መ. ድርሰት፦ ገላጭ ድርሰት እንዴት ይጻፋል?

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ድርሰት ነው። አንባቢን ማስደሰት ተቀዳሚ ዓላማው አይደለም፤ ማስተዋል እንዲያገኝ ማድረግ ነው። በሚከተሉት ሦስት መመሪያዎች ተጠቀሙ።

1. ፍቺው ወገንና መለያ ይኑረው። «ፊውዝ ማለት ቶሎ የሚቃጠል ነገር ነው» የሚለው ፍቺ አይበቃም፤ ክብሪትም ወረቀትም ቶሎ ይቃጠላሉና። «ፊውዝ ኮረንቲ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ቀልጦ ሰርኪዩቱን የሚቆርጥ የመከላከያ ሽቦ ነው» ሲባል ግን «የመከላከያ ሽቦ» የሚለው ወገኑን ይነግረናል፤ የቀረው ከሌሎቹ ሽቦዎች ይለየዋል።

2. ምሳሌ ስትሰጡ የምሳሌውን ወሰን ተናገሩ። በምንባቡ ውስጥ የበርሜሉ ምሳሌ ቮልቴጅን ለማስረዳት ረድቷል፤ ሽቦ ሲቆረጥ የሚሆነውን ለማስረዳት ግን አልበቃም። ወሰኑ ያልተነገረለት ምሳሌ አንባቢውን መንገድ ላይ ይጥለዋል።

3. ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። አደጋ የሚያስከትል ነገር ስታስረዱ በተግባር የሚቀድመው በጽሑፍም ይቅደም። «ተጎጂውን ወደ ሕክምና ውሰዱት፤ ከዚያ በፊት ግን ማጥፊያውን አጥፉ» ብሎ የጻፈ ሰው ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ተራ ግን አደገኛ ነው። አንባቢው ከመጀመሪያው ትእዛዝ ተነሥቶ ሊሮጥ ይችላል።

የአንቀጽ ናሙና፦ የእጅ ባትሪ

የእጅ ባትሪ በድንጋይ ውስጥ ያለውን የኬሚካል ጉልበት ወደ ብርሃን የሚለውጥ በእጅ የሚያዝ መብራት ነው። በውስጡ ሁለት ድንጋዮች አንዱ የሌላውን ጫፍ ነክቶ ሲደረደሩ የሁለቱ ቮልቴጅ ይደመርና 3 ቮልት ይሆናል። ማብሪያው ሲገፋ የተለያየው ብረት ይገጥማል፤ ዙሩም ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ኮረንቲ ከድንጋዮቹ ተነሥቶ በአምፖሉ በኩል ያልፍና ወደ ድንጋዮቹ ይመለሳል። አምፖሉም ይበራል። ከድንጋዮቹ አንዱ ተገልብጦ ቢገባ የአንዱ ቮልቴጅ የሌላውን ስለሚያፈርሰው አምፖሉ አይበራም። ስለዚህ የማይበራ የእጅ ባትሪ ያጋጠመው ሰው ድንጋዮቹን ከመጣሉ በፊት አቀማመጣቸውን ይመርምር።

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ፍቺ፣ የመካከለኞቹ የአሠራር ቅደም ተከተል፣ የመጨረሻው ደግሞ ከማስረጃው የተገኘ ምክር መሆኑን ልብ በሉ።

ሠ. መልመጃ

1. ከንባብ በፊት የጻፋችሁትን ግምት አውጥታችሁ ተመልከቱ። «ኮረንቲ ያዘው» የሚለው አባባል አዳኙን ወደ አደጋ ሊመራው የሚችለው እንዴት እንደ ሆነ በሦስት ዓረፍተ ነገሮች አስረዱ።

2. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ለሳይንስ ጽሑፍ እንዲስማሙ አድርጋችሁ አስተካክሉ።
ሀ. በሽቦው ውስጥ 220 ቮልት ይፈስሳል።
ለ. ምጣዱ በሰዓት 3,520 ዋት ይወስዳል።
ሐ. ሽቦው ሲቆረጥ ኮረንቲው ወደ መሬት ፈስሶ አለቀ።

3. የሚከተሉትን የተገብሮ ዓረፍተ ነገሮች የድርጊቱን ምክንያት ባለቤት በማድረግ ወደ ገቢር ለውጡ።
ሀ. የሽቦው ሽፋን ቀለጠ።
ለ. መስመሩ ተቋረጠ።
ሐ. ጣቶቹ ተኮማተሩ።

4. ሬዚስታንሱ 440 ኦም የሆነ አምፖል በ220 ቮልት ቢበራ ስንት አምፔር ያልፍበታል? ስንት ዋት ይወስዳል? መልሱን በቁጥር ብቻ ሳይሆን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

5. «ወገንና መለያ» የሚለውን መመሪያ በመከተል ለሚከተሉት ቃላት ፍቺ ስጡ፦ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ቆጣሪ፣ ስፒና፣ ክፉ አስተላላፊ።

6. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ፊውዙ ደጋግሞ የሚቃጠልበት ሰው አለ እንበል። እርሱም በፊውዙ ፋንታ ሚስማር ሊያስገባ አስቧል። ሳትዘልፉትና ሳታስፈራሩት፣ ምክንያቱን በቅደም ተከተል በማስረዳት ሐሳቡን የሚያስለውጥ ከ15 እስከ 20 መስመር የሚሆን ገላጭ ድርሰት ጻፉለት። ድርሰቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ሳይንስ ላልተማረ አንድ ሰው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለትና የተረዳውን በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ያልገባው ስፍራ ካለ ጉድለቱን በአድማጩ ላይ ሳይሆን በዓረፍተ ነገራችሁ ላይ ፈልጉት፤ ካገኛችሁትም በኋላ ያን ክፍል እንደገና ጻፉት።